የቆየ መጽሐፍ ዋጋ በሐረር

በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ የተጻፈ የቆየ የዐረብኛ መጽሐፍ ለመግዛት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው። ጸሐፊው ቀኑን ሳይጠቅስ ቢያልፍ፣ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ መመልከት ይጠቅማል፤ ከብዙዎቹ በአንዱ ወረቀት ውስጥ ሦስት ጨረቃዎች ተሰልፈው ይታያሉና። ይህ የኢጣልያ ወረቀት ሠሪዎች ምልክት ሲሆን፣ የዘመኑን ግምት ይሰጣል። ቀጥሎ የሚታየው ድጉሱ ነው፤ በማኅተም ያጌጠው ቆዳና የገጾቹን ጠርዝ የሚሸፍነው ምላስ መሰል ክዳን ሳይጐድሉ ከተገኙ ገዢው ይደሰታል።

እኛ ግን ከሁሉ የምናስበልጠው የወቅፍን ቃል ነው። መጽሐፉን ማን እንደ ሰጠው፣ ለየትኛው መስጊድ እንደ ተሰጠ የሚናገረው እርሱ ነው። ነገሩ ግን ይከብዳል፤ በወቅፍ የተሰጠ ንብረት አይሸጥም፤ ስለዚህ የመጽሐፉን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው ጽሑፍ ራሱ ሽያጩን ይከለክላል። ለትርፍ የቸኰለ ነጋዴ ይህን ቅጠል ቀድዶ ቢያስወግድ፣ ቆዳውን እንጂ ታሪኩን አልሸጠም።

ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል። ሆኖም አዋጅ ብቻውን ቅጠል አይጠግንም። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማቸውን መጻሕፍት እየሰበሰቡ፣ የተጐዳውን እያስጠገኑ፣ የድጉሱንም ጥበብ ለወጣቶች እያስተማሩ ቆዩ። የሰበሰቡትም በዚያው በግንቡ ውስጥ ለተመልካች ቀርቧል።