አዛን የተመለሰለት የቡኻራው ካላን መስጂድ

«ቡኻሪ ዘግበውታል» የሚለውን ቃል በኹጥባም ሆነ በደዕዋ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ኢማም አል-ቡኻሪ (ረሒመሁላህ) በ194 ዓመተ ሒጅራ የተወለዱባት ቡኻራ ዛሬ በኡዝቤኪስታን ትገኛለች። የምናወጋችሁም በዚያች ከተማ ስላለው ካላን መስጂድ ነው። «ካላን» በፋርስኛ ትልቅ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዕድሜ ሚናራው ከመስጂዱ ይበልጣል። የቀራኻኒዶች ገዥ አርስላን ኻን በ1127 ያሠራው ይህ ሚናራ ቁመቱ 46 ሜትር ያህል ነው። ሥሩ ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ግንበኞቹ ቀለም አላበዙም፤ የተተኮሰውን ጡብ አንዴ በአግድም አንዴ በሰያፍ እየደረደሩ ዙሪያውን በመቀነት መሳይ ጌጦች አስውበውታል። ሙአዚኖች በውስጡ በሚዞረው ደረጃ ወጥተው ባለ 16 ቅስት ከሆነው ሰገነት ላይ አዛን ይሉ ነበር። በኋላ የመጡ አሚሮች ግን ሞት የተፈረደባቸውን ሰዎች ከዚሁ ሚናራ ያስወረውሩ እንደነበር ታሪክ ይናገራል። ወደ ሶላት ለሚጠራበት ቦታ ይህ እንዴት ያለ ውለታ ነው!

በ1220 ጄንጊስ ኻን ቡኻራን ያዘ። የታሪክ ጸሐፊው ጁወይኒ እንደዘገበው፣ ወራሪዎቹ የቁርአን ማስቀመጫ ሣጥኖችን የፈረስ መመገቢያ አደረጓቸው። ከተማዋ ነደደች፤ የያኔው መስጂድም አብሮ ጠፋ። ሚናራው ግን ቆሞ ቀረ።

ዛሬ የሚታየው መስጂድ በሸይባኒዶች ዘመን በ1514 የተጠናቀቀው ነው። ሰፊውን ግቢ የከበበው አዳራሽ በ208 ዓምዶች ላይ ያረፉ 288 ትናንሽ ጉልላቶች አሉት። ከሚሕራቡ በላይ ደግሞ ሰማያዊው ትልቅ ጉልላት ከሩቅ ይታያል። ከአሥር ሺህ በላይ ሰጋጅ እንደሚይዝ ይነገራል።

በ1920 የቀይ ጦር ሠራዊት ከተማዋን ሲደበድብ ሚናራው ተጎዳ፤ ኋላ ተጠግኗል። ከመድፉ ይልቅ የከበደው ግን ቀጥሎ የመጣው ዝምታ ይመስለናል። በሶቭየት ዘመን መስጂዱ ተዘግቶ መጋዘን ሆነ። ፊት ለፊቱ ያለው ሚር አረብ መድረሳ በ1940ዎቹ እንደገና ተከፍቶ ደረሶች ሲቀሩበት፣ መስጂዱ ግን በሩ ለሰጋጅ አልተከፈተም። ጡቡ አልጎደለም፤ የጎደለው ሰጋጁ ነበር።

የሶቭየት ኅብረት ዘመን ሲያከትም መስጂዱ ለሶላት ተከፈተ። በ1993 የከተማዋ ጥንታዊ ክፍል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሰጋጆች ዛሬ ጫማቸውን አውልቀው በዚያው ግቢ ሶፍ ይይዛሉ።