የሕሙማን ክፍል አየርና የመሐንዲሱ ድርሻ

የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም በተነሣ ቁጥር ለብዙ ሰው የሚታወሰው ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል የምትዘዋወር ሴት ምስል ነው። ምስሉ ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የታሪኩን ግማሽ ይሸፍናል። የተሸፈነው ግማሽ የቦይ፣ የመስኮትና የቁጥር ታሪክ በመሆኑ መሐንዲሶችን በቅርብ ይመለከታል።

በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ናይቲንጌል 38 አስታማሚዎችን አስከትላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 1854 ከኢስታንቡል ማዶ ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ገባች። ሕንፃው ለሆስፒታልነት የታነጸ ሳይሆን የቱርክ ጦር ሰፈር ነበር። ከሥሩ የሚያልፉት የፍሳሽ ቦዮች ተደፍነው ሽታቸው ወደ ክፍሎቹ ይወጣ ነበር። አስታማሚዎቹ ምግቡን፣ አልባሳቱንና የመኝታውን ንጽሕና በብርቱ ድካም አሻሻሉ። ሞት ግን አልተገታም፤ በፌብሩዋሪ 1855 ከ100 ሕሙማን 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። አብዛኞቹን የገደላቸውም የጥይት ቁስል ሳይሆን ተቅማጥ፣ ኮሌራና ተስቦ ነበር።

በማርች 1855 ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከ የጤና ጥበቃ ኮሚሽን ስኩታሪ ደረሰ። አባሎቹ ጆን ሰዘርላንድና ሄክተር ጋቪን የተባሉ ሐኪሞች፣ እንዲሁም ሮበርት ሮውሊንሰን የተባለ ሲቪል መሐንዲስ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ቦዮቹን አስጠርገው በውሃ አሳጠቡ፤ በውሃው መስመር ውስጥ የተገኘውን የፈረስ በድን አስወጡ፤ ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ፤ አየር የሚተላለፍበትንም መንገድ ከፈቱ። የክረምቱ ማለፍና የሕሙማኑ መጨናነቅ መቀነስ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ በጁን ወር የሟቾቹ ቁጥር ከ100 ወደ 2 ያህል ወረደ።

ከጦርነቱ በኋላ ናይቲንጌል ከስታቲስቲክስ ሊቁ ከዊልያም ፋር ጋር መዝገቦቹን መረመረች። ውጤቱ መራራ ነበር፤ ወታደሮቹን የገደላቸው በአብዛኛው የተኙበት ቤት ራሱ መሆኑን ቁጥሩ መሰከረ። ይህንኑም በ1858 በሥዕላዊ መግለጫ አሳየች። ቀጥሎም ስለ ሕሙማን አጠባበቅ በጻፈችው ዝነኛ መጽሐፍ የቤትን ጤንነት በአምስት ነገሮች ላይ መሠረተች፤ እነርሱም ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ውሃ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ ንጽሕናና ብርሃን ናቸው። የነርስነት ሊቃውንት ኋላ የአካባቢ ንድፈ ሐሳብ ብለው የሰየሙት ትምህርት ይኸው ነው።

በእርግጥ ናይቲንጌል የበሽታ ምንጭ የተበከለ አየር ነው ብላ ታምን ነበር፤ ይህ እምነት በፓስተርና በኮኽ ሥራ ተሽሯል። ሆኖም ሽታውን ያስወገደው ቦይ ተሕዋስያኑንም አብሮ ስላስወገደ፣ ምክንያቱ ቢሻርም ሥራው ጸንቶ ቆይቷል።

ትምህርቱ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ዛሬም ይጠቅማል። በአገራችን «ብርድ እንዳይመታው» በሚል ሥጋት በሕመምተኛ ላይ በርና መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው። ናይቲንጌል ግን ሙቀት በልብስና በእሳት፣ አየር ደግሞ በመስኮት እንደሚገኝ፣ አንዱ ለሌላው መሠዋት እንደማይገባው አስተምራለች። ስለዚህ መስኮት መክፈት፣ አልጋን ወደ ብርሃን ማዞር፣ እዳሪን ሳይውል ሳያድር ማስወገድና ጫጫታን መከልከል የሕክምናው አካል እንጂ ትርፍ ሥራ አይደሉም።

ነገር ግን ነርሷ እንዲከፈት ሆኖ ያልተሠራን መስኮት ልትከፍት አትችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ በተፈጥሮ አየር ለሚጠቀም መደበኛ የሕሙማን ክፍል በአንድ ሕመምተኛ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር እንዲተላለፍ መክሯል። ይህ መጠን የሚወሰነው በንድፉ ወረቀት ላይ ነው፤ የመስኮቱ ስፋትና አቅጣጫ፣ የጣሪያው ከፍታ፣ በአልጋዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ይነካዋል። እንግዲህ ንድፉ ሳይጸድቅ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን የምታነጋውን ነርስ መስኮቱ የት ቢሆን እንደሚሻል መጠየቅ ከመሐንዲሱ ግዴታዎች አንዱ ሊሆን ይገባል።