ከበርበራ እስከ ሐረር፦ ካርቡራተር የሚያውቀው መንገዳችን

አሕመድ ዳጋህ፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለው ግቢ፣ አንዲት አሮጌ ባለ ሳይድካር ሞተር ብስክሌት ቆማለች። ልጆቻችን ጎኗ ላይ ባለው ቅርጫት ተቀምጠው ሾፌር ሾፌር ይጫወታሉ። እኛ ትልልቆቹ ግን ስናያት ትዝ የሚለን በአንዲት የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ነገር ያጣነው ገንዘብ ነው። ከዚያ ኪሳራ በኋላ ግን የምንነግድበትን መንገድ ታሪክ በደንብ አወቅን፤ ዛሬ እሱን እናውጋችሁ።

ሞተሯ የሶቪየት ሥሪት ትሁን እንጂ ዘሯ ጀርመን ነው። ሶቪየቶች የቢ.ኤም.ደብሊው አር-71ን ንድፍ ወስደው ኤም-72 የተባለችውን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ወደ ሞስኮ ሲቃረብ ፋብሪካው ኡራል ተራሮች አጠገብ ወዳለችው ኢርቢት ተዛወረ፤ ኡራል የሚለው ስምም ከዚያ መጣ። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ የተዘረጉ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ካርቡራተር አለው። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ይጎተታል፤ እንደ ተጣሉ ሸሪኮች ማለት ነው።

መንገዳችንም ከእኛ በፊት የጦር ሞተር ያውቃል። ጣሊያን ከሐረርና ከጅግጅጋ በኩል ተነስቶ ሐርጌሳን የያዘው ሐምሌ 29 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1940) ነበር። እንግሊዞች ቱግ አርጋን በተባለው ቦታ ጥቂት ቀን ተከላክለው በበርበራ ወደብ በመርከብ ወጡ፤ ነሐሴ 13 በርበራም ተያዘች። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 7 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች ከኤደን ተሻግረው በርበራን መልሰው ያዙ። ከዚያ በኋላ ወደ ሐረርና አዲስ አበባ ለሚገፋው ጦር ስንቁ ከሩቁ ሞቃዲሾ መምጣቱ ቀርቶ በበርበራ ገባ፤ መንገዱም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አጠረ። ዛሬ ነጋዴው በርበራን የሚወድበት ምክንያት ያኔም ይኸው ነበር።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ቢሄድም ቋንቋው ጋራዣችን ውስጥ ቀርቷል። ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ ስንል የምንናገረው ጣሊያንኛ ነው። ያስተማሩን አዴር ግን እስከ 1952 ዓ.ም. እንግሊዝ ባስተዳደረው አገር የተወለዱ ስለሆኑ ካንዴላን “ፕላግ” ይላሉ። አንዱን ዕቃ በሁለት ገዢ ስም እየጠራን መግባባት እስክንችል ጥቂት ቀን ፈጀብን።

ኪሳራችን እንዲህ ነበር። ሞተሯን ጅግጅጋ ገዝተን እዚያው አስተካከልናት። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ከበርበራው ከመቶ 15 እጅ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን በጠባብ ቀየርነው። ሞተሯ ቀለላት፤ እኛም ደስ አለን። ከዚያ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጭነን በቶጎ ውጫሌ፣ በሐርጌሳ አድርገን ወደ በርበራ ወረድን።

ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ በርበራ ባሕሩ ዳር። በወረድን ቁጥር አየሩ ወፈረ፤ ቀዳዳዋ ግን ያው ጠባቧ ናት። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከልክ በላይ ይግላል። በርበራ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ፒስተኑ ነከሰና ቀጥ አለ። መኪና ስንጠብቅ ሽንኩርቱ በፀሐይ ተቀቀለ። ለጭነት መኪና የከፈልነው ከሽንኩርቱ ዋጋ በለጠ።

አዴር ካንዴላውን ነቅለው አዩና ሳቁ፤ ነጭ ሆኖ ነበር። “ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፤ የተቆላ ቡና ከመሰለ ተስማምቷል” አሉን። እሳቸው ሐርጌሳ በ1980 ዓ.ም. በቦምብ ስትደበደብ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሐርቲሼክ የተሰደዱ ሰው ናቸው። ከመቶ ሺዎች አንዱ ሆነው ድንበሩን ሲሻገሩ የያዙት የመፍቻ ከረጢታቸውን ነበር። ስደት ላይ ያበላቸው፣ ሲመለሱም ያቋቋማቸው እሱ ነው።

ሁለቱን ካርቡራተር የሚያስማሙትም እንዲህ ነው። ሞተሩን ሩብ ሰዓት ያህል ያሞቁታል። የአንዱን ሲሊንደር የካንዴላ ሽቦ ነቅለው፣ ኮይሉ እንዳይጎዳ ከብረት ጋር ያገናኙታል፤ ሞተሩም በሌላው ብቻ እስኪቆም ሳይቃረብ፣ ሳይጮህም እንዲሠራ ብሎኖቹን በካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ ያዞራሉ። ከዚያ ቦታ ቀይረው ያንኑ በሌላው ይደግማሉ። ድምፁ በሁለቱም አንድ ሲሆን ብቻ የነዳጅ መስጫውን ገመዶች ያያሉ፤ ሁለቱ እኩል ካልተሳቡ ቆሞ የተስማማው ሲነዳ ይጣላልና። “መጀመሪያ እያንዳንዱ ብቻውን ይቁም፤ ከዚያ አብረው ይሠራሉ” ይላሉ።

አሁን በሳይድካሩ ውስጥ አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አለች። በውስጧ ሁለት ጥንድ የነሐስ ብሎን አለ፤ አንዱ “ሐረር”፣ ሌላው “በርበራ” ተብሎ ተጽፎበታል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ ባጃጅ ወይም ሞተር ይዛችሁ ከደጋ ወደ ባሕር የምትወርዱ ቤተሰቦቻችን፣ ከጭነቱ በፊት ካንዴላውን እዩ። አዴር ለዚህ ምክር ያስከፈሉን አንድ ሻይ ነው፤ እኛ ግን ቀድመን ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ከፍለንበታል።