የጉድጓዱ ሥዕል

በተልተሌ ዙሪያ ባለው ቆላ ከከብት ኋላ ያደገ ልጅ የውኃ ጉድጓድን ሥራ ብዙውን ጊዜ ከመምህሩ አብልጦ ያውቃል። ሆኖም ያው ጉድጓድ፣ መሬቱ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ በሚታይበት ንድፍ ቢቀርብለት ወዲያው ላይለየው ይችላል። ምድር ተቆርጣ አትታይምና፤ የንድፉን ልማድ ደግሞ የነገረው የለም።

በ1972 እ.ኤ.አ. ያን ዴረጎቭስኪ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በመኤን ሰዎች ዘንድ ያካሄደውን ጥናት አሳተመ። ከዚያ በፊት ሥዕል ያለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ወረቀቱን ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ እያንኮሻኮሹም ድምፁን አዳመጡ፤ ሥዕሉን ግን ልብ አላሉትም። አዲስ የሆነባቸው ወረቀቱ ነበርና። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የነብርና የሚዳቋ ሥዕል በሸካራ ጨርቅ ላይ አቀረቡ። አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ፤ አንዳንዶቹ ግን ጅራቱን፣ እግሩን እያሉ ቀስ በቀስ ነበር የደረሱበት። ይህን የማስተዋል ጉድለት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ሥዕል ማንበብም እንደ ፊደል በልምምድ ይገኛል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች በግእዝ ፊደል አስተማረ። ከ1984 ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የፊደል ገበታው ተለወጠ። የቁርጥ ንድፍ ልማድ ግን በየትኛውም ፊደል ያው ነው።

ለቦረና ልጅ መነሻው ቱላ ሰግላን የሚባሉት ዘጠኙ ጥልቅ የጉድጓድ ሥፍራዎች ቢሆኑ ይሻላል። ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር የሚደርስ አለ፤ ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው እየዘፈኑ ኦኮሌውን ወደ ላይ ያቀባብላሉ፣ ውኃውም ወደ ገንዳው ይፈስሳል። ማጠጫውን ተራ በተራ የሚያስኬደው አባ ሄረጋ ነው። መምህሩ ይህን በጭቃ ክምር ሠርቶ በክር መሐል ለመሐል ቢከፍለው፣ የተቆረጠው ፊት ራሱ ንድፍ ይሆናል። ልጁ ያንን በጠመኔ ይገለብጠዋል፤ ቀስቱ የውኃውን ጉዞ፣ የተቆራረጠው መስመር የማይታየውን ጠርዝ ማመልከቱ የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ ከብቶቹ ወደ ገንዳው የሚወርዱበትን የተቆፈረ መንገድ ከረሳው ደግሞ፣ ልጁ ጠመኔውን ተቀብሎ ይጨምርበታል።