ውለታን በማስረጃ፦ ዩኒቨርሲቲ ማንን፣ መቼና በምን መስፈርት ሊያከብር ይገባል?

መግቢያ

ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪውን፣ ሠራተኛውን ወይም በጎ ፈቃደኛውን በአደባባይ ሲሸልም ፍርድ ይሰጣል። «የዚህ ሰው ሥራ የእኛ ዓላማ መልክ ነው፤ ተተኪው ትውልድ ወደዚህ ይመልከት» ማለቱ ነው። ፍርዱ እውነተኛ ሲሆን ተሸላሚውም ሸላሚውም ይከበራሉ። ሲዛባ ግን ቀድሞ የሚጎዳው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው።

ስለ ከፍተኛ ትምህርታችን ስንወያይ ሥርዓተ ትምህርት፣ የምርምር በጀትና የመምህራን ኑሮ ደጋግመው ይነሣሉ። ሽልማት የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በምረቃ ሰሞን ነው፤ እርሱም ቢሆን «ለእገሌ ይገባዋል፣ ለእገሌ አይገባውም» ከሚለው ክርክር እምብዛም አይዘልም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከግለሰቦች ወደ አሠራሩ ይመልሰዋል። ሙግቱም አንድ ነው፦ ማስረጃን መመርመር ሥራው የሆነ ተቋም፣ ሲሸልምም በማስረጃ ሊሸልም ይገባል። እንዲህ ሲያደርግ በዝና የማይታወቁት ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ከታወቁት ጎን ለመቆም ይበቃሉ።

የማክበር ልማዳችን

ምሁርን ማክበር ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በጎንጅ፣ በዋድላና በዋሸራ ስም በሚታወቁት የቅኔ መንገዶች ተማሪው ከማን እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደተቀበለ መናገር የዕውቀቱ ማረጋገጫ ነበር። ለመምህሩ ትልቁ ክብር ስሙ በደቀ መዛሙርቱ አፍ እየተጠራ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ መሻገሩ ነው። ይህ ሥርዓት ሊቁ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ በምን መንገድ እንደተላለፈም ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ለተማሪው ቁራሽ እየሰጡ ጉባኤውን ያቆሙት የየመንደሩ እናቶች በዚህ የስም ሐረግ ውስጥ የሉም። የትምህርት ቤት ደጋፊን ስም አለመመዝገብ የቆየ ጉድለታችን መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ነው። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1964 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከበደ ሚካኤልን፣ በሥነ ጥበብ አፈወርቅ ተክሌን ሸለመ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በተከታዮቹ ዓመታት ተሸልመዋል። የተሸላሚዎቹ ሥራ ዛሬም መነበቡና መታየቱ የምርጫውን ጥራት ያሳያል። ሽልማቱ ራሱ ግን ከአብዮቱ በኋላ አልቀጠለም። ስሙም ህልውናውም ከዙፋኑ ጋር የተሳሰረ ስለነበር ከዙፋኑ ጋር አለፈ። እንግዲህ ዘላቂነት የሚፈልግ ሽልማት ከሰው ይልቅ በደንብ ላይ መቆም ይኖርበታል።

የቀድሞ ተማሪዎች፦ ከዓለም ዜና ባሻገር

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ1973 ከያኔው ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመርቀው ወደ አሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። ድርቅን የሚቋቋም ዲቃላ የማሽላ ዝርያ ለሱዳን ገበሬ ካበረከቱ በኋላ ፊታቸውን ወደ አቀንጭራ መለሱ። ይህ ጥገኛ አረም የማሽላውን ሥር ተጣብቆ የሚመጥ፣ ከመሬት ወጥቶ ገበሬው ሳያየው ምርቱን የሚጨርስ ጠላት ነው። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ።

እንዲህ ያለውን ተመራቂ ማክበር ለማንም ዩኒቨርሲቲ ቀላል ነው፤ ዓለም አስቀድሞ መርምሮታልና። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ዓይን የሚፈተነው ዓለም ያላየውን ሲያይ ነው። የጎንደርን ታሪክ እንውሰድ። በደንቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ባስደነገጠ ማግሥት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድነት አሠልጥኖ ሐኪም ወዳልደረሰባቸው አውራጃዎች በቡድን ላከ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ሲሰጡ፣ ምንጭ ሲያጎለብቱና እናቶችን ሲያዋልዱ የኖሩ አሉ። የእነርሱ ውጤት በዓለም አቀፍ መጽሔት አይወጣም። ያከሙት ሕዝብ፣ የያዙት መዝገብና ያሠለጠኑት ረዳት ግን ይመሰክርላቸዋል። ምስክርነቱን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ነው። ስለዚህ ለቀድሞ ተማሪዎች የሚሰጥ ሽልማት ቢያንስ ሁለት መንገድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ በዘርፉ ለላቀ፣ ሌላው በአንድ አካባቢ ለጸና አገልግሎት።

ሠራተኞች፦ ሥራው የታየ፣ ሠሪው የተረሳ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በመሆኑ ነገሩን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት። ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው መሩ። እ.ኤ.አ. የ1989ኙን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተቀበሉ። ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ታሪክ ለሽልማት መርማሪ ብዙ ያስተምራል። ሽልማቱ ለሁለት ሰዎች መሰጠቱ ትክክል ነበር፤ እንዶድን ከወንዝ ዳር ዕፅነት አውጥቶ ለተከታታይ ጥናት ማብቃት የግብርና ሳይንቲስቱን የለገሠን ድካም ጠይቋልና። የመጀመሪያው ዕውቀት ምንጭ ደግሞ እንዶድን ከእናቶቻቸው የተማሩት አጣቢ ሴቶች ናቸው። ጥሩ የሽልማት ጽሑፍ ተሸላሚውን ሳያሳንስ ይህን ሰንሰለት በሙሉ ይናገራል።

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራው ከሠሪው ስም የማይለይበት አንድ ቤት አለ፤ እርሱም ብሔራዊው የዕፅዋት ቤተ መዘክር ነው። የደረቀው ናሙና በተለጠፈበት ወረቀት ላይ የሰብሳቢው ስም፣ የናሙናው ቁጥር፣ ቦታውና ቀኑ ይሰፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ የተጠናቀቀው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» የተሰኘው ታላቅ ሥራ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የቆመ ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያን ተሸልመዋል። ከዚያ ሜዳሊያ ኋላ ናሙና ያደረቁ፣ ያጣበቁ፣ ከነፍሳት የጠበቁ ቴክኒሺያኖችና ገደል ለገደል የነዱ ሾፌሮች አሉ። የሠራተኞች ሽልማት በመምህራን ብቻ ከተወሰነ እነዚህ ሰዎች ከጡረታ ደብዳቤ በቀር ምንም ሳያገኙ ይሸኛሉ።

ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየምም እንዲሁ ናቸው። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት አደራጁ፤ ኋላም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም በመገንባት የአገሪቱን የሥዕልና የቅርስ ሀብት ለጥናት አበቁ። ሪታ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መርተዋል። ተመራማሪው ስማቸውን ቢያውቅም ባያውቅም ባቆሙት ቤት ውስጥ ይሠራል።

የጊዜም ጉዳይ አለ። የቀዶ ሕክምና ሊቁ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በአዲስ አበባ የሕክምና ትምህርትን ከመሠረቱት ቀደምት ምሁራን አንዱ ናቸው። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተሰናበቱት 42 መምህራን አንዱ ሆኑ፤ በ1991 ዓ.ም. ከእስር በኋላ በውጭ አገር አረፉ። ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በስማቸው ይጠራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለሟች የተሰጠ ስያሜ ለሕያው የተነፈገውን ክብር አይተካም። ሕያው ሰው ሲከበር ልምዱን ለወጣቱ ያካፍላል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ መልስ ይሰጣል፤ በመዝገቡ የተሳሳተውንም ያርማል።

በጎ ፈቃደኞች፦ ያለ ደመወዝ የተሰጠ ዓመት

በጎ ፈቃድን ከግዴታ መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። ብዙዎቹም በመምህርነት አገልግለዋል፤ ታሪካዊ ውለታቸውም ከባድ ነው። አገልግሎቱ ግን ለምረቃ የሚጠየቅ ግዴታ ስለነበር ሊመዘን የሚገባው በሌላ ሚዛን ነው።

የበጎ ፈቃድን ጉልበት በግልጽ የሚያሳየው የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር እየመጡ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አስተማሩ። ዓላማው የውጭ ሐኪም ታካሚ እንዲያይ ሳይሆን አገሪቱ የራሷን ስፔሻሊስቶች በራሷ እንድታሠለጥን ነበር። ትብብሩ ኋላ ወደ ሌሎች የትምህርት ዘርፎችም ሰፋ። በጎ ፈቃደኛን ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መስፈርት አላውቅም፦ ሰውየው ሲሄድ ሥራው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? የሚቀጥል ከሆነ ሽልማቱ ይገባዋል። በዚያው መዝገብ እንግዳውን ተቀብለው፣ ከመደበኛ ሥራቸው በላይ የሠሩት የአገር ውስጥ መምህራንም ሊሰፍሩ ይገባል።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳጆች ማኅበርም ሌላ ምሳሌ ነው። አባላቱ ገንዘብና ጊዜ አዋጥተው ብራናዎችና ሥዕሎች ከአገር ሳይወጡ ለተቋሙ እንዲገዙ ረድተዋል። ዛሬ ተማሪ የሚያገላብጠው ቅርስ በከፊል የእነርሱ ስጦታ ነው።

የክብር ዶክትሬትና የሚያስከትለው ፈተና

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚታየው የዩኒቨርሲቲ ክብር የክብር ዶክትሬት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሐዲስ ዓለማየሁ፣ ለጥላሁን ገሠሠና ለሪቻርድ ፓንክረስት፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለማሕሙድ አሕመድ የሰጧቸው ሕዝቡ በሙሉ ልብ የተቀበላቸው ናቸው። ከመደበኛው ትምህርት ውጭ የተገኘ ዕውቀትና ጥበብ በዩኒቨርሲቲ ደጅ ሲከበር ዩኒቨርሲቲው ከሕዝቡ ጋር ይታረቃል።

ፈተናው የሚመጣው ክብሩ ለሥልጣን መማለጃ ወይም ለገንዘብ ልገሳ ምላሽ ሲሆን ነው። በዚህ ረገድ ከሌላ አገር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የአሜሪካዎቹ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ አለመስጠትን ልማድ አድርገዋል፤ በዚህም ክብራቸው አልጎደለም። ኦክስፎርድ ደግሞ ይሰጣል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በጥር 1985 ለጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የቀረበው የክብር ዲግሪ በመምህራኑ ጉባኤ በ738 ለ319 ድምፅ ውድቅ ሆነ። ዋነኛው ምክንያት የመንግሥታቸው የትምህርት በጀት ቅነሳ ነበር። በውሳኔው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኛ ቁም ነገሩ የክብሩ ባለቤት የመምህራኑ ጉባኤ መሆኑ ነው። እምቢ ለማለት የሚችል ጉባኤ እሺ ሲል ቃሉ ክብደት አለው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለቀድሞ ተማሪ፣ ለሠራተኛና ለበጎ ፈቃደኛ የተለያዩ ሽልማቶች በሴኔት ደንብ ያቋቁም። የሦስቱ ውለታ የተለያየ በመሆኑ በአንድ መስፈርት ሲመዘኑ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ዝነኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ጥቆማው ለሁሉም ክፍት ይሁን። የጽዳት ሠራተኛዋ የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያኑን፣ የገጠር ነዋሪው የጤና መኮንኑን መጠቆም ይቻላቸው። መርማሪው ኮሚቴ ግን ከአስተዳደሩ ነጻ ይሁን፤ በሥልጣን ላይ ያለ ባለሥልጣንና የዩኒቨርሲቲው የሥራ አመራር አባል ለዕጩነት አይቅረብ።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ተሸላሚ የተሠራውን ሥራ፣ ማስረጃውንና አብረውት የደከሙትን ሰዎች የሚገልጽ ጽሑፍ ይዘጋጅ፤ በቤተ መጻሕፍትም ይቀመጥ። ዋንጫው ይዝጋል፤ በሚገባ የተጻፈ ምስክርነት ግን ለታሪክ ጸሐፊ ምንጭ ይሆናል።

አራተኛ፣ የለጋሾች ምስጋና ከሽልማት ይለይ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የራስ ገዝ አዋጅ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ተቋማቱን የራሳቸውን ገቢ ወደ መፈለግ ይመራል። የቀድሞ ተማሪዎች ድጋፍም ይበልጥ ያስፈልጋል። ለጋሽ በክብር ሊመሰገን፣ ስሙም በሰጠው ሕንፃ ላይ ሊጻፍ ይገባል። የሥራ ሽልማት ግን በገንዘብ የሚገኝ ከመሰለ ለጋሹም ራሱ የሚኮራበት ነገር ያጣል።

አምስተኛ፣ ሽልማቱ በሕይወት ላሉት ቅድሚያ ይስጥ፤ ለጡረታ የተቃረቡና የታመሙ ባለውለታዎች ጉዳይም ሳይዘገይ ይታይ።

ማጠቃለያ

እነዚህን እርምጃዎች ለመውሰድ ብዙ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የተመራቂዎችን መዝገብ ማደራጀት፣ ነጻ ኮሚቴ ማቆምና እውነቱን ለመጻፍ መድፈር ነው። የዩኒቨርሲቲ ሴኔት አባላት በመጪው የምረቃ ወቅት ማን ካባ ይልበስ ብለው ከመወያየታቸው በፊት፣ ደንቡን አዘጋጅተው በጉባኤያቸው ያጽድቁ። አንባቢም የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ ያስብ፤ ያስተማረውን፣ በቤተ ሙከራው የረዳውን፣ ያለ ክፍያ ያገለገለውን አንድ ሰው ስምና ሥራ ጽፎ ለተቋሙ ይላክ። ያ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬ ይላክ።