ስምንተኛው ቀንና አርባኛው ቀን

እስቲ ጠጋ በሉ። የምተርክላችሁ ነገር ከአራስ ቤት ተነሥቶ ዙፋን የነቀነቀ ነው። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ ከመዝገቡ ብዙው በእነሱ እጅ የተጻፈ ነውና። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመለስ እነግራችኋለሁ።

በ1527 ጸጋ ዘአብ የሚባል የሀገራችን ካህን ሊዝበን ገባ። የላኩት ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው፤ አብሮት የተጓዘው ደግሞ እኛ ዘንድ ስድስት ዓመት የከረመው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ጸጋ ዘአብ የወዳጅነት መልእክት ይዞ ነበር የሄደው። የሊዝበን ሊቃውንት ግን መልእክቱን ትተው መልእክተኛውን መመርመር ያዙ። ቅዳሜን ስለ ምን ታከብራላችሁ? አሳማ ምን አድርጎ ነው የማትበሉት? ክርስቲያን ነን እያላችሁስ ልጆቻችሁን ለምን ትገርዛላችሁ? በጥያቄ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሥጋ ወደሙን ከለከሉት። አስቡት እንግዲህ፤ ባሕር ተሻግሮ ወደ ክርስቲያን ወንድሞቹ የሄደ ካህን ለዓመታት እንደ ተወገዘ ሰው ሲታይ።

በ1534 ብዕር አነሣ። ዳሚያው ደ ጎይሽ የተባለ ፖርቱጋላዊ ሊቅ ጠይቆት ነበርና የሀገሩን እምነትና ሥርዐት ጻፈለት። ግዝረቱ በ8ኛው ቀን፣ ጥምቀቱ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን መሆኑን ዘረዘረ። ከቁርባን መከልከሉንም አልዋጠውም፤ ምሬቱን አሰፈረው። ጎይሽ ጽሑፉን በ1540 ሉቨን ከተማ አሳተመ። ፖርቱጋል ውስጥ ግን መጽሐፉ እንዳይዘዋወር ታገደ።

ለመሆኑ የሊዝበን ሊቃውንት ምን አስቆጣቸው? አብርሃም በ99 ዓመቱ ተገረዘ፤ ከዘሩ ጋር የተገባው ቃል ኪዳን ምልክቱ ይኸው ነበር፤ በስምንተኛው ቀን፣ በወንዱ ሥጋ ላይ። ሐዋርያት በ49 ዓ.ም. ገደማ ኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ያመኑት መገረዝ የለባቸውም ብለው ወሰኑ። እዚህ ላይ የጳውሎስን ነገር ልብ በሉ። ጢሞቴዎስን ራሱ ገረዘው፤ ቲቶን ግን ይገረዝ ሲሉት እምቢ አለ። ቀድሞውንስ ፊልጶስ የኛን ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ሲያጠምቀው ተገርዘሃል ወይ ብሎ መች ጠየቀው? ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ ጳውሎስ ሁለቱን ምልክቶች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ በእጅ ያልተደረገውን ግዝረት ጠቅሶ ወዲያው በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ስለ መቀበር ተናገረ። ያ በዚህ ተተካ የሚል ቃል ግን አልወጣውም። አስራ አምስት መቶ ዓመት ያከራከረ ክፍተት ትቶ ሄደ።

ከክርክሮቹ ሁሉ እኔን የሚያስቀኝ የካርቴጁ ነው። በ253 አካባቢ ፊዶስ የሚባል ጳጳስ፣ ሕፃን እንደ ግዝረቱ ሥርዐት እስከ ስምንተኛው ቀን ሳይጠመቅ ይቆይ አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ምን ይመስላችኋል? በዚያ ዘመን የተጠመቀ ሰው የሰላም ስሞሽ ይሳም ነበር፤ አዲስ የተወለደን ልጅ እግር መሳም ይቀፋል አለ! የካርቴጅ ጳጳስ ቆጵርያኖስና 65 ጳጳሳት ተሰብስበው መለሱለት። ከእግዚአብሔር እጅ ትኩስ የወጣውን ልጅ መሳም የሚቀፈው ማን ነው? ስምንተኛው ቀንም ጌታ ለተነሣበት ቀን ጥላ ነበረ፤ አካሉ ሲመጣ ጥላው አልፏል፤ ጸጋ በቀን ቆጠራ አይከለከልም አሉት። ከዚህ ወዲያ የምዕራቡ መንገድ ቀና፤ ጥላው ሄደ፣ ጥምቀቱ ጸና።

ነገሩ እስከ ደም የደረሰው ግን ዙሪክ ላይ ነው። በጥር 1525 ጥቂት ሰዎች ሕፃን አምኖ አይጠመቅም ብለው እርስ በርሳቸው ተጠመቁ። የከተማው ሰባኪ ዝዊንግሊ የአብርሃምን ኪዳን መዝዞ መጣባቸው፤ የስምንት ቀን ልጅ ምን አምኖ ተገረዘ? ጥምቀትም በግዝረት ቦታ የገባ የዚያው ኪዳን ምልክት ነው አላቸው። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ ያልተጠመቀ ልጅ ያለው ሁሉ በስምንት ቀን ውስጥ ያስጠምቅ፣ እምቢ ያለ ከከተማው ይውጣ ብሎ ዐወጀ። በስምንት ቀን! ፊሊክስ ማንዝ የተባለው ከተጠማቂዎቹ መሪዎች አንዱ በጥር 1527 እጁ ታስሮ ሊማት ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ እንዲሞት ተደረገ። የዝዊንግሊ ክርክር ጎበዝ ነው፤ አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይጎረብጠኛል። የአብርሃም ምልክት ሴትን አያውቃትም። ጥምቀት በቦታው የገባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሴቷ ከውጭ በቀረች ነበር።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1540 ሲነግሡ መንግሥቱ በኢማም አሕመድ ጦር ተፈትቶ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፣ ከሕዝቡም ስንቱ ሃይማኖቱን ለውጦ ነበር። በ1541 ለእርዳታ የገቡት 400 ፖርቱጋሎች መሪያቸውን ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማን ገብረው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ድሉ ተገኘ። ውለታ ደግሞ ባለዕዳ ያደርጋል። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪገስ የሚባል ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) ቄስ መጥቶ የኢትዮጵያን ስሕተት የሚዘረዝር ጽሑፍ ለንጉሡ አቀረበ። ያው የሊዝበን ጥያቄ ነበር፤ ቅዳሜ፣ አሳማ፣ ግዝረት።

ንጉሡ ሊቃውንቱን ልከው አርፈው አልተቀመጡም። ሰኔ 1555 ከዳሞት ሆነው የእምነት ቃላቸውን ጻፉ። አጭር ነው፤ ቁጣም የለበትም፤ ውለታ ያለበት ሰው ቁጣ ዋጋው ውድ መሆኑን ያውቁ ነበር። ቅዳሜን እንደ አይሁድ አናከብርም፣ ቅዳሴ እንቀድስበታለን አሉ። አሳማን የበላ አይነቀፍም፣ ያልበላም አይገደድም አሉ። ወደ ግዝረቱ ሲመጡ ጳውሎስን ጠሩና፣ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም እናውቃለን አሉ። ታዲያ ለምን ትገረዛላችሁ ለሚል የሰጡት መልስ ነው የሚገርመኝ። የሀገር ልማድ ነው፤ የኢትዮጵያና የኖባ ሰዎች ፊታቸውን እንደሚበጡት፣ የህንድ ሰዎች ጆሯቸውን እንደሚበሱት ያለ።

ብልሃቱን አያችሁ? በአንድ ቃል ግዝረትን ከኪዳን አውርደው ከፊት ብጣት ጎን አስቀመጡት። ኪዳን ካልሆነ ከጥምቀት ጋር አይሻማም፤ ተተካ አልተተካም የሚለውም ሙግት ከነሥሩ ይነቀላል። ደግሞ ልማድ የማለታቸው ነገር መሠረት ነበረው፤ በዚያች ሀገር እስላሙም ክርስቲያኑም ይገረዛል። ክርስቲያኑን የሚለየው የአንገቱ ማተብ ነበር፤ ማተቡም የሚታሰረው በጥምቀቱ ቀን ነው።

ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ንጉሡ ለባዕድ የጻፉትን መልስ አራስ ቤት የተቀመጠች እናት የምትመልሰው አይመስለኝም። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከመጽሐፍ ቅዱስ የምትቆጥረው መጽሐፈ ኩፋሌ መላእክት ሲፈጠሩ ጀምሮ የተገረዙ ናቸው ይላል፤ በስምንተኛው ቀን ያልተገረዘውንም ከኪዳኑ ያወጣዋል። የጥምቀቱ 40 እና 80 ቀንም ቢሆን አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ከገቡበት ቀን ቁጥር ጋር የሚገጥመው በዚያው በኩፋሌ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 6 ቀን የጌታ ግዝረት ይከበራል፤ ታቦት በዋዜማው ወርዶ ጥር 11 ጥምቀት ይሆናል። ሁለቱን በአምስት ቀን ልዩነት እየዘመረ ያደገ ሕዝብ አንዱ አንዱን ያባርራል ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህን ያልተረዳው ኢየሱሳዊው አፎንሶ ሜንዴዝ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ወደ ሮማ እምነት ገብተው ነበር፤ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ በ1625 መጣ። በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ታዛዥነት ማሉ። ከዚያ ትእዛዙ ወረደ። ግዝረት ቀረ። ቅዳሜ ቀረ። ካህናት እንደ ገና ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ገና ይባረኩ፣ ሕዝቡም እንደ ገና ይጠመቅ ተባለ። የነገሩን ክብደት እዩት፤ ስምንተኛውን ቀን ከለከለ፣ አርባኛውን ደግሞ ተጠራጠረ። የቤተ ሰቡ ክርስትና ከአያት ጀምሮ ክርስትና ላይሆን ይችላል ማለቱ ነው። ገበሬው በስንቱ ክርክር ላይ ይደርሳል? ይህ ግን ገባው፤ የሞቱ ወላጆቹ ሳይጠመቁ ሞቱ መባሉ ነበርና። የሜንዴዝ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጃንዋሪ 1 ቀን የጌታን ግዝረት በበዓል ታከብር እንደ ነበር ማን በነገረው!

ኋላ ቅዳሴው፣ በዓላቱና ጾሙ ጥቂት ላላ ተደረገላቸው፤ ነገሩ ግን ከእጅ ወጥቶ ነበር። ላስታ ተነሣ፤ ሌላውም ተከተለ። በ1632 ሱስንዮስ የላስታውን ሠራዊት ወይና ደጋ አጠገብ አሸነፉ፤ ሜዳ ላይ የወደቀው ወደ 8,000 ሰው ነበር ይባላል። መኳንንቱ ያን ሜዳ አሳይተው፣ የሞቱት አረመኔም እስላምም አይደሉም፣ የእርስዎው ክርስቲያኖች ናቸው አሏቸው ይባላል። ንጉሡ የቀድሞው እምነት ይመለስ ብለው ዐወጁ፤ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። በየመንደሩም ሕፃናት በስምንት ቀናቸው መገረዛቸውን፣ በአርባ ቀናቸው መጠመቃቸውን ቀጠሉ።

የገላውዴዎስ ቃል ግን ያልታሰበ ዕዳ አለበት። ልማድ ነው ብሎ የተከላከለ ሰው፣ ልማድ ከሆነማ ይቅር ሲባል ምን ይመልሳል? ጸጋ ዘአብ ስለ ሴቶችም ግዝረት ጽፎ ነበር፤ እሱም በሀገር ልማድ ስም ለዘመናት ኖረ። በአብርሃም ኪዳን ውስጥ ግን አንድም ሥር የለውም፤ ሴት ልጅን ከመጉዳት በቀር ምንም አላደረገም። በእኛ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ወንጀል ብሎ የደነገገው እሱን ነው። እዚህ ላይ ልማድ ሲሸነፍ ማየት ደስ ይለኛል።

የዙሪኩም ክርክር ዛሬ አዲስ አበባ ነው ያለው። የመካነ ኢየሱስ ቄስ ሕፃን ስለ ምን ታጠምቃላችሁ ቢባል የአብርሃምን ስምንተኛ ቀን ከሚያነሡት ወገን ነው። የቃለ ሕይወቱ ሰው ደግሞ ሳያምን የተጠመቀ አልተጠመቀም ይላል፤ ልጁን አሥራ ምናምን ዓመት ሲሞላው፣ ትምህርት ጨርሶ፣ ምስክርነቱን ሰጥቶ ያስጠምቀዋል። ሁለቱን ቤተ ሰቦች ስለ ወንድ ልጆቻቸው ጠይቋቸው። ሁለቱም ጨቅላውን ሐኪም ዘንድ ወስደው አስገርዘውታል። ለኪዳን ነው ወይ ብትሏቸው ይሥቃሉ፤ የሀገር ልማድ ነው፣ ለጤናም ደግ ነው ይሏችኋል።