የባሕር ጃርት፡- በአባይ በረሃ ድንጋይ ውስጥ ያለ የባሕር ምስክር

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፡፡ ከበላይዋ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ፣ ከበታቿ ደግሞ የፎገራ ሜዳና የጣና ሐይቅ ይገኛሉ፡፡ በዚህ ደጋ ላይ ስለ ባሕር እንስሳ ማንሣት ቦታውን የሳተ ሊመስል ይችላል፡፡ ዳሩ ግን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው፣ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ የአባይን በረሃ ሲያቋርጥ የሚያየው ግራጫማና ቢጫማ ገደል አንድ ወቅት የባሕር ወለል ነበር፡፡ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ከኮራል፣ ከዛጎልና ከሌሎች የባሕር ፍጥረታት ጋር የባሕር ጃርት ቅሪተ አካል ይገኛል፡፡

የባሕር ጃርት ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፡፡ ቀንድ አውጣም ሆነ ዓሣ በባሕር ብቻ ሳይሆን በወንዝና በሐይቅም ይኖራል፡፡ የባሕር ጃርት ግን በወንዝና በሐይቅ ጣፋጭ ውኃ ውስጥ አይኖርም፡፡ ስለዚህ ቅርፊቱ የተገኘበት ድንጋይ ባሕር ውስጥ ለመፈጠሩ አስተማማኝ ማስረጃ ነው፡፡ ዓይነቱ ከታወቀ ደግሞ ባሕሩ መቼ እንደነበረና ወለሉ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ይረዳል፡፡ የምደባው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፡፡

እንዴት ያለ እንስሳ ነው?

የባሕር ጃርት ስሙን ያገኘው ከእሾሁ ነው፡፡ የጥንት ግሪኮችም የየብሱንና የባሕሩን ባለ እሾህ በአንድ ቃል ‹‹ኤኪኖስ›› ይሏቸው ነበር፡፡ ሆኖም በሁለቱ መካከል የቅርብ ዝምድና የለም፡፡ የየብሱ ጃርት ጡት አጥቢ ሲሆን የባሕሩ ግን የጀርባ አጥንት የሌለው፣ ራስና ጅራቱም የማይለይ እንስሳ ነው፡፡

በሳይንሳዊው ምደባ የባሕር ጃርት ‹‹ኤኪኖደርማታ›› ወይም ‹‹እሾሃም ቆዳ ያላቸው›› በተባለው ክፍለ ስፍን ውስጥ ይገኛል፡፡ ይህ ክፍለ ስፍን በሕይወት ያሉ 7,000 ያህል ዝርያዎችን ሲይዝ በአምስት መደቦች ይከፈላል፡፡ እነርሱም የባሕር ኮከቦች፣ ተሰባሪ ኮከቦች፣ የባሕር አበቦች፣ የባሕር ኪያሮችና የባሕር ጃርቶች ናቸው፡፡ የባሕር ጃርቶች መደብ ‹‹ኤኪኖይዲያ›› ይባላል፡፡ ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች 1,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ጠፍተው በቅሪተ አካል ብቻ የሚታወቁት ቁጥራቸው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፡፡

የእንስሳው አካል በአምስት የተከፈለ ነው፡፡ ብርቱካን ተልጦ ሲከፈት እንደሚታየው ሁሉ፣ ቅርፊቱ ከላይ እስከ ታች በሚወርዱ የሰሌዳ ረድፎች የተገጣጠመ ነው፡፡ በሰሌዳዎቹ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል በውኃ ግፊት የሚንቀሳቀሱ ቀጫጭን እግሮች ይወጣሉ፡፡ አፉ ከሥር ሲሆን አምስት ጥርሶች ያሉት መንጋጋ አለው፡፡ ይህን መንጋጋ አሪስጣጣሊስ ከፋኖስ ጋር አመሳስሎት ስለነበር እስከ ዛሬ ‹‹የአሪስጣጣሊስ ፋኖስ›› ይባላል፡፡ ቅርፊቱና እሾሁ የተሠሩት ካልሳይት ከተባለው ማዕድን ነው፡፡ የኖራ ድንጋይም በአብዛኛው ከዚሁ ማዕድን የተሠራ ነው፡፡

ከቅርጽ ወደ ዝምድና

የባሕር ጃርቶችን በሥርዓት ለመመደብ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1734 የታተመው የጀርመናዊው ያኮብ ክላይን ሥራ ነው፡፡ ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ሁሉንም ‹‹ኤኪኑስ›› በሚል አንድ ወገን ውስጥ አጠቃለላቸው፡፡ ከዚያ በኋላ ናሙና በበዛ ቁጥር አንዱ ወገን ወደ ብዙ አስተኔዎችና ክፍለ መደቦች ተከፋፈለ፡፡

የቀድሞ ሊቃውንት የባሕር ጃርቶችን በቅርጻቸው ለሁለት ይከፍሏቸው ነበር፡፡ የመጀመሪያዎቹ ‹‹መደበኞቹ›› ናቸው፡፡ ክብ ሆነው አፋቸው ከታች፣ ፊንጢጣቸው ከላይ መሐል ላይ ነው፤ በድንጋይና በኮራል ላይ እየሄዱ ይግጣሉ፡፡ ሁለተኞቹ ‹‹ኢመደበኞቹ›› ናቸው፡፡ ፊንጢጣቸው ከአናት ወደ ኋላ ወይም ወደ ጠርዝ የወረደ፣ ፊትና ኋላቸው የሚለይ፣ አብዛኞቹም በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩ ናቸው፡፡

የዛሬው ምደባ ይህን ክፍፍል በከፊል ብቻ ይቀበላል፡፡ ኢመደበኞቹ በእርግጥም ከአንድ የጋራ አያት የወረዱ ሲሆኑ፣ ‹‹መደበኛ›› የሚለው ግን የአንድ ቤተሰብ ስም ሳይሆን የጥንቱን ቅርጽ ይዘው የቀሩት ሁሉ መጠሪያ ነው፡፡ ዋና ዋናዎቹ ቡድኖች የሚከተሉት ናቸው፡፡

ሲዳሮይዶች፡- እሾሃቸው እንደ እርሳስ ወፍራም፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው፡፡ በሕይወት ካሉት ሁሉ ቀድመው ከሌሎቹ የተለዩት እነዚህ ናቸው፡፡ እሾሃቸው ጠንካራ በመሆኑ በቅሪተ አካልነት በብዛት ይገኛል፡፡ በመካከለኛው ዘመን የሶርያና የፍልስጥኤም ምድር ሐኪሞች ይህንኑ የደነጊያ እሾህ ፈጭተው ለኩላሊት ጠጠር መድኃኒት ይሰጡ ነበር፡፡

ዲያዴማዎች፡- ረጅም፣ ቀጭንና መርዛማ እሾህ አላቸው፡፡ በቀይ ባሕር ጠላቂዎች ዘንድ የሚፈሩት ጥቋቁሮቹ የባሕር ጃርቶች ከዚህ ቡድን ናቸው፡፡

ኤኪናሲያዎች፡- ለምግብ የሚፈለጉት አብዛኞቹ ዝርያዎች እዚህ ይገኛሉ፡፡ በጃፓን ‹‹ዩኒ›› ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የእንስሳው የመራቢያ ዕጢ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 ሙሉ የዘረመል መዝገቡ ይፋ የሆነው የሰሜን አሜሪካው ወይን ጠጅ የባሕር ጃርትም ከዚሁ ቡድን ነው፡፡

ልብ መሰሎቹ፡- ስፓታንጎይድ ይባላሉ፡፡ ኢመደበኞች ሲሆኑ በጭቃ ውስጥ ይኖራሉ፤ የአሪስጣጣሊስ ፋኖስም የላቸውም፡፡

ሳንቲም መሰሎቹ፡- እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆኑ፣ በአሸዋማ ዳርቻ የሚኖሩ ኢመደበኞች ናቸው፡፡

ቅርጽ ብቻውን እንደሚያሳስት ማሳያው እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፡፡ ሳንቲም መሰሎቹና ወፈር ብለው ብስኩት የሚመስሉት ‹‹ክሊፔአስተር›› የተባሉት ለረጅም ዘመን በአንድ ክፍለ መደብ ተቀምጠው ኖረዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ሳንቲም መሰሎቹ ከብስኩት መሰሎቹ ይልቅ ለሌላ ቡድን እንደሚቀርቡ አሳየ፡፡ በዚህም ምክንያት ምደባው እንደገና ተስተካክሏል፡፡

የድንጋይ ዕድሜ ነጋሪ

የመጀመሪያዎቹ የባሕር ጃርቶች የታዩት ከ450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፡፡ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በደረሰው ታላቅ እልቂት አብዛኞቹ የባሕር እንስሳት ሲጠፉ ከባሕር ጃርቶችም የተረፉት ጥቂት ነበሩ፡፡ ኢመደበኞቹ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ ጁራሲክ በተባለው ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው፡፡ ሳንቲም መሰሎቹ ደግሞ በቅሪተ አካል የሚታዩት ዳይኖሰሮች ከጠፉ በኋላ ነው፡፡

ይህ ቅደም ተከተል በመስክ ላይ ላለ የሥነ ምድር ባለሙያ ትልቅ መሣሪያ ነው፡፡ በአንድ የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ልብ መሰል የባሕር ጃርት ከተገኘ ንጣፉ ከጁራሲክ ዘመን የቀደመ ሊሆን አይችልም፡፡ በጭቃ ውስጥ የሚኖር በመሆኑም የባሕሩ ወለል ለስላሳ እንደነበር ይናገራል፡፡ የሲዳሮይድ እሾህ ብቻ ከተገኘ ግን ቡድኑ ከዳይኖሰሮች በፊት ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለ በመሆኑ፣ ወገኑና ዝርያው እስካልተለየ ድረስ የሚሰጠው የዕድሜ መረጃ ጥቂት ነው፡፡

የኢትዮጵያ ባሕር

ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ የኖራ ድንጋይ ከተጻፉት ቀደምት ሳይንሳዊ ሥራዎች አንዱ ከደብረ ታቦር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ አስጎትተው መቅደላ ሲገቡ፣ በሌላ በኩል ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ይመጣ የነበረው የጄኔራል ናፒየር ጦር ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ባለሙያ ይዞ ነበር፡፡ ብላንፎርድ በጉዞው ያየውን እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ በትግራይ ሕንጣሎ አካባቢ ላገኘው ቅሪተ አካል የበዛበት ድንጋይ ‹‹የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ›› የሚል ስም ሰጠው፡፡ ስሙ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው፡፡

በአባይ በረሃ የሚታየውም ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው፡፡ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ውፍረቱ 400 ሜትር ያህል ይደርሳል፡፡ የተፈጠረውም በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ባሕር ከምሥራቅ ገፍቶ አሁን ኢትዮጵያ የምንለውን ምድር ሰፊ ክፍል በሸፈነበት ጊዜ ነው፡፡ ባሕሩ ከተመለሰ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሁሉንም ከላይ አለበሰው፡፡ ጉና ደግሞ በዚያ ላይ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው፡፡

በደቡብ ጎንደር ከወንዛዬ ፍል ውኃ እስከ ጉና ጫፍ ዓይን የሚያየው ይህንኑ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከእርሱ የወጣውን አፈር ነው፡፡ ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት የምድርን ውስጥ የኤሌክትሪክ ባሕርይ በመለካት በጣና አካባቢ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ በታች ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው የደለል ድንጋይ እንዳለ አመልክቷል፡፡ ተመራማሪዎቹ ይህን የደለል ድንጋይ አባይ ሰንጥቆ ካሳየን ድንጋይ ጋር በዘመን ያገናኙታል፡፡ መሣሪያው ውፍረቱን ይለካል እንጂ በውስጡ ያለውን ሕይወት አይነግርም፡፡ ያን ማንበብ የሚቻለው ድንጋዩ በተገለጠበት በአባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ ነው፡፡

ከኖራ ድንጋይ ወደ ሲሚንቶ

እነዚሁ ሸለቆዎች ለአገሪቱ የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ዋና የጥሬ ዕቃ ምንጭ ናቸው፡፡ የሙገር፣ የደርባና የለሚ ፋብሪካዎች የተተከሉት ለኖራ ድንጋዩ ቅርብ በሆነ ቦታ ነው፡፡ ድንጋዩ ተፈጭቶ ከሸክላ አፈር ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል የካልሳይቱ ቅርፊት ወደ ክሊንከር ይለወጣል፡፡ በከተማ የምንኖርበት ፎቅ ምሰሶ ውስጥ የጥንት ባሕር ፍጥረታት ቅሪት አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ሲሚንቶ አስፈላጊ ነው፤ ድንጋዩም በአንድ ትውልድ የሚያልቅ አይደለም፡፡ ነገር ግን አንድ የቅሪተ አካል ንጣፍ ሳይመዘገብ ከተፈጨ ተመልሶ አይገኝም፡፡ በአንጻሩ ቁፋሮው ራሱ ለዘመናት ተሸፍኖ የኖረ ንጣፍ የሚገልጥ በመሆኑ ለጥናት መልካም አጋጣሚ ይፈጥራል፡፡ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የተፈጥሮን የዕድገት ሂደት የሚመሰክሩ ግኝቶችን በቅርስነት የሚመለከት ሲሆን፣ በማዕድን ፍለጋ፣ በመንገድና በሕንፃ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሁሉ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ደንግጓል፡፡

የምደባ ሥራ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው፡፡ ከገደል ተነቅሎ ለጌጥ የተወሰደ የባሕር ጃርት ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ስለማይታወቅ ሳይንሳዊ ዋጋው ይቀንሳል፡፡ በቦታው እንዳለ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቦታውና የንጣፉ ከፍታ ተመዝግቦ ለባለሙያ የደረሰ ግን ስም ሊያገኝ ይችላል፡፡

በሕይወት ያሉትስ?

የቅርቡ ሕያው የባሕር ጃርት የሚገኘው በቀይ ባሕርና በጂቡቲ ዳርቻ ነው፡፡ የእርሱም ዕጣ አሳሳቢ ሆኗል፡፡ በካሪቢያን ባሕር እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 በሽታ የዲያዴማን ከ90 በመቶ በላይ ሲጨርስ ኮራሉን የሚሸፍነው አልጌ በላተኛ አጣ፤ ብዙ የኮራል ሪፎችም ተጎዱ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 በሜዲትራኒያን ባሕር የታየው ተመሳሳይ እልቂት በ2023 ወደ ቀይ ባሕር ተሻገረ፡፡ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ በቀናት ውስጥ ብዙ ዲያዴማዎች አለቁ፡፡ ምክንያቱ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋሲ እንደሆነ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፡፡ በሽታው የገደለው ዲያዴማንና የቅርብ ዘመዶቹን ሲሆን በአጠገባቸው የነበሩት የሌሎች ቡድኖች የባሕር ጃርቶች ተርፈዋል፡፡ ማን ከማን እንደሚዛመድ ያልለየ ሰው ቀጥሎ የሚጠቃው የትኛው እንደሆነ መገመት አይችልም፡፡